የደቅ ጉሽ

በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ የጠላ ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ከግብር አዳራሽ ጋር ተያይዞ ነው። ስንት ሰንጋ እንደታረደ፣ ስንት ጋን እንደተከፈተ፣ የትኛው ባለማዕረግ ከየትኛው በላይ እንደተቀመጠ ይተረካል። ጋኑን ያጠነችው፣ ጌሾውን የወቀጠችው፣ እንኩሮውን ያመሰችው ሴት ግን በዚያ ትረካ ውስጥ ስም ቀርቶ ጥላ እንኳ የላትም። እኔም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም። ወደ ደቅ ደሴት የሄድሁት ንግሥት ፍለጋ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ጠላ ጠማቂ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ እቴጌ ምንትዋብ ተውኔት ለመጻፍ አስቤ፣ እቴጌይቱ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን በዓይኔ ለማየት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሣሁ። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊው ነው፤ ጉዞው እንደ ጀልባው ጉልበት ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቤተ ክርስቲያኑ በደሴቱ ምዕራባዊ ዳርቻ በዛፍ ተከቦ ቆሟል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ምንትዋብ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁ፤ ማስታወሻም ያዝሁ። ይህን ሁሉ ድንጋይ የጠረበውና ያጓጓዘው ሰው ምን እየበላ፣ ምን እየጠጣ ሠራው የሚለው ጥያቄ ግን በዚያን ሰዓት ወደ ልቡናዬ አልመጣም። የመጣልኝ ከቀትር በኋላ ነው።

ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ጀልባ ነጂያችን ውሃውን አየት አድርጎ «አሁን አንነሣም» አለና ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ቤት ወሰደን። የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ እናት ናቸው። በደጃቸው የጌሾ ተክል ቆሟል፤ ቅጠሉ ዘይት የተቀባ ይመስል በፀሐይ ያብረቀርቃል። ጠላ እንዳለ ብጠይቃቸው፦

«ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የተከፈተው። ገና ጉሽ ነው፤ አልሰከነም። ለእንግዳ ይህን እንዴት አቀርባለሁ?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ ጉሹን እወዳለሁ፤ እርሱን ይስጡኝ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ከመውደዴ ይልቅ መጠማቴ ይበልጥ ነበር። ፈገግ አሉና ከእንስራው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው እንደ ወጉ ራሳቸው ቀመሱ፤ ከዚያም ሽክናውን ሞልተው ሰጡኝ።

መልኩ የጣናን የክረምት ውሃ ይመስላል፤ ብርሃን አያሳልፍም። በላዩ የጌሾ ብናኝ ይዋልላል፤ እፍ ብዬ ወደ ዳር ገፋሁት። አፍንጫን ቀድሞ የሚያገኘው ጭስ ነው፤ ጋኑ በወይራ ታጥኗልና። ከጭሱ ቀጥሎ የታመሰ እህል ሽታ ይመጣል፤ ይህን ያተረፈው ምጣድ ላይ የጠቆረው ዳጉሳ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ እንደ ቀጭን አጥሚት ይከብዳል፤ ወዲያው ጎምዘዝ ይልና ምላስን ያነቃል። ጌሾው የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ምሬቱ ከምላስ ሥር ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ እዚያም ይቆያል። የኮሶ ምሬት አይደለም፤ የግራዋም አይደለም። እርጥብ ቅጠል በጣት ሲታሽ የሚወጣውን ሽታ የያዘ ንጹሕ ምሬት ነው። ሁለተኛውን ጉንጭ የሚያስናፍቀው እርሱ ነው። የጠራ ጠላ ብዙ ጠጥቻለሁ፤ ይህ ሁሉ ጣዕም ተሰብስቦ በአንድነት ሲናገር የሰማሁት ግን በዚያ ሽክና ነው።

«እማማ፣ ለምሬቱ ሌላ ነገር ጨምረውበታል?»

«ጌሾ ብቻ ነው። ምን ይጨመራል ደግሞ?»

«ጌሾ ብቻ» ሲሉኝ ሳላስበው ሣቅሁ። ሣቄ ከሌላ ትዝታ የመጣ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለአንድ የቲያትር ጉባኤ ወደ አሜሪካ ሄጄ ሳለ፣ እዚያ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቢራ እየተጠመቀ ወደሚሸጥበት ቤት ወስዶኝ ነበር። የቀረበልን ብርጭቆ ደመና የሞላው ይመስል ነበር፤ በወዲያኛው ጎኑ ያለውን የራሴን ጣት ማየት አልቻልሁም። አሳላፊው ኩራት በተሞላ ድምፅ አስረዳን። የመጠጡ ዓይነት ኢንዲያ ፔል ኤል ይባላል፤ ሆን ተብሎ ሳይጣራ ይቀርባል፤ ምሬቱንና ሽታውን የሰጠው አንድ የሆፕ ዝርያ ብቻ ነው። ቀመስሁት። የማንጎና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነበረው፤ ወፈር ያለ፣ ለስላሳ፣ ምሬቱ ከኋላ የሚከተል። መልካም መጠጥ ነበር። ዋጋውን እንዳላይ ግን ጓደኛዬ የሒሳቡን ወረቀት ገልብጦ አስቀመጠው። በዚያ ቤት እንደ አዲስ ግኝት በኩራት የቀረበልኝ ድፍርስነት፣ ደቅ ላይ ለእንግዳ አይሆንም ተብሎ ሊቀርብኝ ነበር።

ይህን በቀልድ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የሁለቱ መጠጦች ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ከቀልድ የከበደ ነገር ይወጣዋል።

ሆፕ በአውሮፓ የሚበቅል ሐረግ ነው፤ ለመጠጥ የሚውለው የሴቴው ተክል አበባ ነው። አውሮፓውያን ከሆፕ በፊት መጠጣቸውን በልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ድብልቅ ያጣፍጡ ነበር። ሂልደጋርድ ዘቢንገን የተባለችው ጀርመናዊት መነኩሲት በ12ኛው መቶ ዓመት ስለ ዕፀዋት በጻፈችው መጽሐፍ የሆፕ ምሬት መጠጥን ከብልሽት እንደሚጠብቅ መዝግባለች። እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫርያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት በዐዋጅ ደነገጉ። በዚያን ዘመን በእኛ አገር የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ነበሩ።

ኢንዲያ ፔል ኤል የሚለው ስም ደግሞ የቅኝ ግዛት ስም ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በምሥራቅ ለንደን፣ በቦው የነበረው የሆጅሰን ጠመቃ ቤት ሆፕ የበዛበትን ቢራ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች ወደ ሕንድ ይልክ ነበር። መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል፤ በርሜሉ የምድር ወገብን ሙቀት ሁለት ጊዜ ያልፋል። ከጉዞው ተርፎ እዚያ ያለውን የእንግሊዝ ሹምና ነጋዴ ጥም እንዲያረካ ምሬቱ መጠንከር ነበረበት። ድፍርሱ ዓይነት የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ለዝናው በር የከፈተው በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት፣ በዋተርበሪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተ አንድ አነስተኛ የጠመቃ ቤት መሆኑ ይነገራል። ከገብሱ ብቅል ጋር አጃና ስንዴ ይገባበታል፤ እርሾው አይጣራም፤ ሆፑም ሽታው በእሳት እንዳይጠፋ አብዛኛው ከፈላ በኋላ ይጨመራል።

የእኛው መራራ ቅጠል ግን ውቅያኖስ አልተሻገረም። የተሻገረው ጣናን ነው።

የጠላ ዕድሜ ረጅም መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በሦስት ጽሕፈት ያስቀረጸው የአክሱም ድንጋይ፣ ስድስት የቤጃ አለቆች ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ሲጋዙ በየቀኑ 22,000 እንጀራ እንደተሰጣቸው፣ ሥጋና የእህል ጠላ፣ ወይንና ውሃም እንዳልተጓደለባቸው ይናገራል። የ4,400 ሰው ጠላ በአንድ ሌሊት አይጠመቅም። ያን ሁሉ ማን ፈጨ? ማንስ ወቀጠ? ድንጋዩ በዚህ በኩል ዝም ይላል። ከዚያ 1,400 ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአንጻሩ ስለ ጤፍ በጻፈው ክፍል አሠራሩን በዓይኑ እንዳየ ሰው አስፍሯል፦ እንጀራው እስኪጠቁር ይጠበሳል፤ ተቆራርሶ በትልቅ ጋን ውስጥ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፤ እሳት ዳር ሆኖ ለቀናት ይማሰላል፤ ከዚያ ይሰክናል። ባዕድ ሆኖ ሳለ ማድ ቤት ድረስ መዝለቁ የሚያስመሰግነው ነው። የእኛ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ከአዳራሹ አላለፉም።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ጌሾ በሳይንስ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ይህን ስም የሰጠው ሌሪቲየ የተባለ ፈረንሳዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ነው። ተክሉ ከሰሜናዊው ደጋችን እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል። በደቡብ አፍሪካና በሌሴቶ ቤትን ከመብረቅና ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል ተብሎ ይታመንበታል፤ በሌሎች አገሮችም ለመድኃኒት ይውላል። ከእህልና ከማር ጋር አጋብቶ የመጠጥ ሥርዓት ያቆመበት ግን የእኛ አካባቢ ሕዝብ ነው። ለጠላ በይበልጥ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል። የምሬቱን ምንጭ ደግሞ ብርሃኑ አበጋዝና ጸጋዬ ከበደ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ አሳውቀዋል፤ ስሙንም ከተክሉ ስም ወስደው ጌሾይዲን ብለውታል። አንድ አማርኛ ቃል በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ መግባቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ጌሾ ጥቅሙ ማምረር ብቻ አይደለም። ይህን ለመረዳት ጌሾ የማይገባባቸውን መጠጦች ማየት ይበቃል። በደቡብ የአገራችን ክፍል የሚጠመቀው ቦርዴ ገንቢና ተወዳጅ መጠጥ ነው፤ ነገር ግን በተዘጋጀ በአንድ ቀን ገደማ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ በኩል የሚጠመቀው የገብስ ኮረፌ ደግሞ ጌሾ አለው፤ እርሱም ድፍርስ ሆኖ አረፋው ሳይከስም የሚጠጣ፣ የጉሽ የቅርብ ዘመድ ነው። በጠላ ውስጥ እርሾውና የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ተሐዋስያን አብረው ይሠራሉ፤ ጌሾው ሁለቱ እንዳይራኮቱ የሚገላግል ሽማግሌ ነው ብል ከእውነቱ ብዙም አልርቅም።

ጌሾ በጣና ዳርቻ እንዴት ይህን ያህል ሥር ሰደደ የሚለውን ለማወቅ ከደቅ ወደ ዘጌ መሻገር ያስፈልጋል። ዘጌ ከባሕር ዳር አሻግረው ሲያዩት ጥቁር ደን የለበሰው ልሳነ ምድር ነው። የአገሬው ትውፊት እንደሚለው ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ለሦስት ተከፍሎ፣ ከአንዱ ቡና፣ ከአንዱ ጌሾ፣ ከአንዱ ሎሚ በቀለ። ሕዝቡም ምድሩን እንዳያርስ፣ ከብት እንዳያረባ፣ በእነዚህ ሦስት ተክሎች እንዲተዳደር ታዘዘ። ተአምሩን ለሚያምኑት ልተወው። ሥርዓቱ ግን በምድር ላይ የሚታይ ውጤት አስገኝቷል፦ ማረሻ ያልገባበት ደን እስከ ዘመናችን ቆይቷል። እህል የማያርስ ሰው እህል መግዛት አለበትና ጌሾውና ቡናው በታንኳ ወደ ገበያ ሄዶ ጤፍና ዳጉሳ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ በሌላው አገር የጠላ ቅመም የሆነው ቅጠል በዘጌ ራሱ እህል ነበር።

የዚህ ንግድ ታሪክ ሁሉ ግን ቅዱስ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የዘጌ ቡና በበለጸገበት ጊዜ በዚያ ደን ውስጥ የባሪያ ጉልበት ይሠራ እንደነበር የታሪክ ተመራማሪዎች አጥንተው ጽፈዋል። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጌሾውን የሚያጓጉዘውን የደንገል ታንኳ በጥበብ ሲሠሩ የኖሩት ወይጦዎች ደግሞ የጉማሬ ሥጋ ትበላላችሁ ተብለው ከሌላው ጋር አብረው እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተገልለው ኖረዋል። ሰው በሠራው ታንኳ የመጣ ጌሾ ይጠጣል፤ ከሠራው ሰው ጋር ግን ጽዋ አይጋሩም። ይህን በተውኔት ብጽፈው ማጋነን ነው የምባል ይመስለኛል።

ከዚህ ወደ ድፍርስና ጥሩ ልዩነት እደርሳለሁ። አሠራሩን እማማ እንደነገሩኝ ባጭሩ ላስቀምጠው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ጥንስስ የሚባለው ይህ ነው። ብቅልና ጥቂት የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመርበታል። ምጣድ ላይ ታምሶ የጠቆረው እንኩሮ ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይታሸጋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲከፈት ቀድሞ የሚቀዳው ጉሽ ነው፤ ሲያድር ይሰክንና ጥሩ ይሆናል። ጥሩው ካለቀ በኋላ በተረፈው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል።

እንግዲህ ከአንድ ጋን ሦስት ማዕረግ ወጣ ማለት ነው። በታላላቆች ግብር ጠጁ ለመኳንንቱ፣ ጠላው ለጭፍራው እንደነበረ ሁሉ፣ በጠላውም ውስጥ ደረጃ ነበረ። ጥሩው ለእንግዳና ለካህን ይቀርባል፤ ቅራሪው የእረኛና የልጅ ድርሻ ነው። ጉሹ ደግሞ መቆየት ያልቻለ ሰው መጠጥ ተደርጎ ይታያል። ለባለጉልቱ ድግስ እህሉን የሚያገባው ገባር ነበር፤ እህሉን ወደ ጠላ የሚለውጠው ደግሞ የሴቶች ጉልበት። ድፍርሱ የድካሙን ምልክት ሁሉ ይዟል፦ የሙቀጫውን ብናኝ፣ የምጣዱን ጥቀርሻ፣ የእህሉን ዱቄት። ከበላይ ለተቀመጠው ሰው የሚቀርበው ይህ ሁሉ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው። «ለእንግዳ አይሆንም» ያሉኝ እናት ትሕትና ብቻ አልነበረም የተናገራቸው፤ የብዙ መቶ ዓመት የማዕድ ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ የጠላ ታሪክ የበታችነት ታሪክ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ደቦ ያለ ጠላ አይወጣም፤ የጽዋ ማኅበር፣ ዝክር፣ ተዝካር ያለ ጠላ አይሆንም። ከሁሉም በላይ ለእኛ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ቅርብ የሆነው የጌሾ ወቀጣው ነው። ሠርግ ሲደርስ የጎረቤት ሴቶች ጌሾ ሊወቅጡ ይሰበሰባሉ። ሁለት ወይም ሦስት ዘነዘና በአንድ ሙቀጫ ላይ በየተራ ይወርዳል፤ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች። ምቱ ከበሮ አያስፈልገውም። አንዲቱ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ግጥሙ ሙሽራውን ያወድሳል፣ አማቱን ይነካል፣ ባል የበደላትም ሴት ስሙን ሳታነሣ የልቧን ታወጣለች። ዘነዘናው ከፍ ሲል ቃሉ፣ ዘነዘናው ሲወርድ ዝምታው። የጌሾው ብናኝ ስለሚያስነጥስ መሐል ላይ ሣቅ ይገባል። እኔ በዩኒቨርሲቲ የግሪኮችን መዘምራን ለረጅም ጊዜ ተምሬያለሁ፤ እናቴ ቤት የነበረው መዘምራን ግን መዘምራን መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የገጠር ወቀጣ ግጥም እንደ ቀረርቶና እንደ ፉከራ ያህል አልተሰበሰበም። ቀረርቶ የወንድ አደባባይ ስለሆነ ይሆን? እኔ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ዛሬ ይህ ሁሉ በጠባብ ድልድይ ላይ ቆሟል። ቢራ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የተዋስነው ነው፤ የመጀመሪያው ፋብሪካችን ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ወደ ጣና አካባቢ ሲመጣም ዳሽን በጎንደር በ1992 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ፋብሪካን አልነቅፍም፤ ጠርሙስ በራሱ ጠላት አይደለም። ብቅሉ ከአሰላና ከጎንደር ሊመጣ ይችላል፤ ሆፑ ግን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይገዛል፤ ጌሾ በደጃችን ቆሞ ሳለ ማለት ነው። ጌሾን በሆፕ ምትክ ለቢራ ለማዋል በቤተ ሙከራ የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ ከቤተ ሙከራ ወደ ጠርሙስ የሚወስደው መንገድ ግን አልተጠረገም። በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት መስፋፋቱን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ሐይቁም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ወርሮታል። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የብዝኃ ሕይወት ክልልነት ሲመዘግብ ደኑ፣ ወፉና ዓሣው ተቆጥረዋል። የጠማቂዋን እጅ የቆጠረ የለም።

እኔን በይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ደኑ ቢመነጠር ቦታው ይታወቃል፤ ችግኝ ይተከላል። የሴቲቱ ዕውቀት ግን በጽሑፍ አልሰፈረም። እማማን ለአንድ ጋን ስንት ጌሾ እንደሚገባ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው የገባቸው አልመሰለኝም። ዘርግተው መዳፋቸውን አሳዩኝ፤ ጣቶቻቸውን በከፊል አጥፈው «ይህን ያህል፤ ቅጠሉ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል» አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጣት ስፋት አይሞላም። ጥንስሱ መድረሱን በምን እንደሚያውቁ ጠየቅሁ። በጆሮ ነው አሉኝ፤ ጋኑ ላይ ጆሮ ይደረጋል፣ ዝናብ ያዘለ ጭቃ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ደርሷል። ሴት ልጃቸው ባሕር ዳር ትኖራለች፤ የምትሸጠው የጠርሙስ ቢራ ነው። «ይቀላታል» አሉ፤ ቅሬታ አልነበረበትም። ታናሺቱ የልጅ ልጃቸው በጥግ ተቀምጣ የትምህርት ቤት ደብተሯን ትጽፍ ነበር። ምን እንደምትጽፍ ጠጋ ብዬ አየሁ፤ የአክሱም ነገሥታትን ስም በተራ እየገለበጠች ነው። መምህሯ ከዚህ ጎን «ከአያትሽ የጠላ አጠማመቅ ጠይቀሽ ጻፊ» ቢሏት ምናለ ብዬ አሰብሁ። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ የአንድ ገጽ የቤት ሥራ ቢሰጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መምህሩ ከወንበሩ ሳይነሣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ብቻ ነው።

ከደጃቸው በስተምሥራቅ ሲያዩ ዳጋ ይታያል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል አጽማቸው በዚያ ገዳም አርፏል። «እዚያ ሄደው ያውቃሉ?» አልኋቸው። «ሴት አትገባም እኮ፤ ከዚህ ሆኜ እሳለማለሁ» አሉኝ። በታንኳ ጥቂት የሚያስኬድ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ያዩታል።

ነፋሱ ወደ ማታ ረገብ አለ። ጀልባ ነጂው ከደጅ ሲጠራን እማማ ተነሥተው በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ የቀረውን ጉሽ ሞሉልኝ። «ክዳኑን አታጥብቀው፤ ሕይወት አለው» ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔ ግን እንዳይፈስ ብዬ አጠበቅሁት። ከደቅ ተነሥተን ጥቂት እንደሄድን ጠርሙሱ በቦርሳዬ ውስጥ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ክዳኑን ገና ስነካው አረፋው ፈንድቶ ማስታወሻ ደብተሬን፣ ስለ ምንትዋብ የጻፍሁትን ገጽ ሁሉ አራሰው። ጀልባ ነጂው እየሣቀ መቅዘፊያውን በጉልበቱ ያዘና የተረፈውን እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ።